የአበባ አፈር በጅማ፦ የጫካ፣ የፒት፣ የኮኮናት ወይስ የቡና ገለባ?

ጅማ ውስጥ «የአበባ አፈር አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ የጫካ አፈር ነው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሽታው ራሱ ደስ የሚል። በኬሻ ሞልተው ባጃጅ ላይ ይጭኑላችኋል። ሲያዩት ከእሱ በላይ ተፈጥሯዊ ነገር ያለ አይመስልም። እኔ ግን ከአራቱ ምርጫዎች መጨረሻ የማስቀምጠው እሱን ነው።

ያ ጥቁር አፈር ቅጠል እየረገፈና እየበሰበሰ ስንት ዓመት የሠራው ስስ ሽፋን ነው። ሲገፈፍ ቀዩ ሸክላ ባዶውን ይቀራል። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የተራቆተ መሬት ካገኘ አይምርም። ጥላ ሥር ያለው ቡናም የሚመገበው ከዚሁ ሽፋን ነው። ማሰሮ ውስጥ ሲገባም የአረም ዘርና ነፍሳት ይዞ ይመጣል፣ እየቆየም ይጠጥራል።

ከውጭ የሚገባው ባለ ከረጢት አፈር ንጹሕና ቀላል ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ዋናው ይዘቱ ፒት መሆኑ ነው። ፒት ከረግረግ መሬት የሚቆፈር፣ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚጨምር የዕፅዋት ክምችት ነው። የፒት መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ገደማ ቢሆንም በዓለም ደኖች ዕፅዋት ውስጥ ካለው ሁሉ የበለጠ ካርቦን አምቆ ይዟል። ሲቆፈር ያ ካርቦን ወደ አየር ይወጣል። ከረጢቱ ላይ «ኦርጋኒክ» መባሉ ፒት የለበትም ማለት አይደለም፤ ይዘቱን አንብቡ። ፒት ደግሞ አንዴ ክው ብሎ ከደረቀ ውሃ እንቢ ይላል።

የኮኮናት ጭረት፣ ማለትም የኮኮናት ፍሬ የውጭ ልጣጭ ቃጫና ብናኝ፣ በጡብ መልክ ተጨምቆ ይመጣል። 5 ኪሎው ውሃ ሲጠጣ ከ60 ሊትር በላይ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተረፈ ምርት መሆኑም ጥሩ ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው፣ አብዛኛው ከህንድና ከስሪላንካ ነው የሚነሳው። ጨው ሊኖረው ስለሚችል ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ምግብ ስለሌለው ኮምፖስት ካልተቀላቀለበት ተክሉ ይራባል።

የእኔ ምርጫ ከቡና ገለባ የተሠራ ኮምፖስት ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል የሚወጣው ገለባ እዚሁ ሞልቷል፣ በፖታሺየምም የበለጸገ ነው። ከእሸት ቡና ማጠቢያ የሚወጣው ልጣጭም ወንዝ ከገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ማሰሮ ውስጥ ቢገባ ስንት ነገር ተረፈ ማለት ነው!

ግን መብሰል አለበት። እኔ ቸኩዬ ጥሬውን ገለባ ከአፈር ጋር ቀላቅዬ ፈርን ተከልኩበት። በሳምንታት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። ጥሬ ገለባ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፤ በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒንም ለለጋ ሥር አይስማማም። ከፍግና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ፣ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት ይኖርበታል።

ስትገዙ እጃችሁን ኬሻው ውስጥ ከትታችሁ ሞክሩት። የሚሞቅ ወይም የሚከረፋ ከሆነ ገና ነው። ከተጠራጠራችሁ ትንሽ ወስዳችሁ ፌጦ ዝሩበት። በ3 ወይም በ4 ቀን ደህና አድርጎ ከበቀለ ብስል ነው። ፌጦው ከቀጨጨ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ።

ለብቻው ግን አትትከሉበት፣ ይከብዳል። እኔ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የግቢ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ እቀላቅላለሁ። ለእሬትና ለቁልቋል አሸዋውን እጥፍ አደርጋለሁ። ግቢ ከሌላችሁ በቀዩ አፈር ፋንታ የታጠበ የኮኮናት ጭረት ይሆናል። አንድ ጡብ ለብዙ ማሰሮ ስለሚበቃ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት።