አዳማ አካባቢ መኪና ቢቆምባችሁ፦ ከጋራዥ የተጻፈ ምስጋናና ጥቆማ

ጋራዥ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች የተበላሸ መኪና ከመንገድ እንዴት እንደተነሳ የምናውቀው ግቢ ሲገባ ነው። ፓራውልቱ ተገንጥሎ፣ የመሪ ዘንጉ ተጣሞ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነዶ የሚመጣ አለ፤ ባለቤቱን ስትጠይቁት መንገድ ላይ ያስቀረው የሞተ ባትሪ ወይም የተቀደደ የራዲያተር ጎማ ነው። በግማሽ ቀን የሚያልቀው ሥራ በአጎታተት ጥፋት የሳምንታት ሥራ ይሆናል።

ከአዳማ እየተነሱ እስከ ሞጆ፣ ወለንጪቲና ሶደሬ ድረስ በማንሻ መኪና የተበላሸ መኪና የሚያነሱትን ሁለት ሰዎች በአደባባይ ማመስገን የፈለግነው ለዚህ ነው። ሾፌሩን ሁሉም ሰው ጋሼ ይላቸዋል፤ አብሯቸው አንድ ወጣት ረዳት ይሠራል። እነሱ ጭነው ያመጡት መኪና ከነበረበት ብልሽት ሌላ ምንም ሳይጨመርበት ነው የሚደርሰን።

ስትደውሉላቸው የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰው ተጎድቷል?» ነው። ከተጎዳ መጀመሪያ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ እንድትጠሩ ያደርጋሉ። ቀጥሎ ያላችሁበትን ቦታ ስትነግሯቸው በስሙ ብቻ አይረኩም፤ ወደ አዲስ አበባ እየሄዳችሁ ነው ወይስ ወደ አዳማ እየመጣችሁ ይላሉ። ፈጣን መንገዱ መሀሉ የተከፈለ ስለሆነ በተቃራኒው መስመር የመጣ ማንሻ መኪናችሁን እያየ አልፎ እስከሚቀጥለው መውጫ ድረስ መሄድ ግድ ይሆንበታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው ሙያቸውን የሚያሳዩት። ማርሽ ነው አውቶማቲክ? የሚስበው በፊት ጎማ ነው፣ በኋላ ነው ወይስ በአራቱም? ጎማዎቹ ይዞራሉ? ቁልፉ እጃችሁ ላይ ነው? የነዳጅ ነው የኤሌክትሪክ?

ይህን ሁሉ የሚጠይቁት በምክንያት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሚስቡት ጎማዎች መሬት ላይ እየተንከባለሉ መኪናው ሲጎተት፣ የካምቢዮው ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ይዞራሉ፤ ዘይት ግን አይደርሳቸውም። ኒውትራል ላይ ማድረጉ አያድነውም። አብዛኛው ቪትዝና ኮሮላ በፊት ጎማ ስለሚሳብ፣ ፊቱ ተነስቶ የእጅ ፍሬኑ ከተለቀቀ የኋላ ጎማው ቢንከባለል ችግር የለውም። ኋላውን አንስቶ ፊቱን መሬት ላይ መጎተት ግን ካምቢዮ እንደ መግደል ነው። በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ከሆነ ደግሞ ሁለቱን አንስቶ ሁለቱን ማንከባለል አይሞከርም፤ አራቱም ከመሬት መነሳት አለባቸው።

የኤሌክትሪክ መኪናም እንደዚያው ነው። ጎማው ሲዞር ሞተሩ አብሮ ይዞራል፤ የሚዞር ሞተር ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ኃይል መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። አይዲ ፎርና ቢዋይዲ በየመንገዱ እየበዛ ባለበት ጊዜ ይህን የማያውቅ ሰው ገመድ ይዞ ሲመጣ ያስፈራል። ጋሼ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ማንሻው አልጋ ላይ ካልጫኑት በስተቀር አያንቀሳቅሱትም።

እስኪደርሱ ምን ማድረግ እንዳለባችሁም በስልክ ይነግሯችኋል። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ መኪናው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከአስፋልቱ ጠርዝ አውጡት፤ ሦስት ማዕዘን ምልክቱን ከከተማ ውጪ 100 ሜትር ያህል ወደኋላ ሄዳችሁ አስቀምጡ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። ምልክቱን 30 ሜትር ላይ ያስቀመጠ ሰው ከኋላ ለሚመጣው ሲኖትራክ የሰጠው አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። ኩርባ ካለ ደግሞ ምልክቱ ከኩርባው በፊት ይሁን። የአዳማ ነፋስ ቀላሉን የፕላስቲክ ምልክት ይጥለዋልና እግሩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ማንም ሰው መኪናው ውስጥ አይቀመጥ። ከብረት አጥሩ ጀርባ፣ ከመኪናው ፊት ለፊት ሳይሆን ሌሎች መኪኖች ከሚመጡበት በኩል ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የተገጨ መኪና የሚወረወረው ወደፊት ነውና። ፈጣን መንገዱ ላይ ከሆናችሁ ለክፍያ መንገዱ ሠራተኞችም አሳውቁ።

ምልክት የሌለው ሰው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። ረዳቱ ማንሻው ከመነሳቱ በፊት ወደኋላ ሄዶ እያንዳንዱን ድንጋይ ለቅሞ ከመንገድ ያወጣል። ማታ መንገድ ላይ የተረሳ ድንጋይ ሞተረኛና ባጃጅ ይገድላል፤ ይህን ልጅ ለዚህ ብቻ ብናመሰግነው በቂ ነበር።

አጫጫናቸው ቆሞ ለሚያይ ሰው ትምህርት ነው። ልጁ መጀመሪያ የመጎተቻ ቀለበቷን ይፈልጋል። በብዙ መኪና ይህች ቀለበት ከክሪኩና ከትርፍ ጎማው ጋር ትቀመጣለች፤ ፓራውልቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ስትነሳ የሚታየው ቀዳዳ መግቢያዋ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ጥርሷ ወደ ግራ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ አልገባ ስትል በኃይል የሚያዞራት ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ልጁ በእጁ እያዞረ እስከ መጨረሻው ያስገባትና በብረት ያጠብቃታል። ሁለት ጥርስ ብቻ የያዘች ቀለበት የማንሻው ካቦ (መጎተቻው የብረት ገመድ) ሲወጠር እንደ ጥይት ትወነጨፋለች። ቀለበቷ ከጠፋች ፓራውልት ወይም የመሪ ዘንግ ላይ አያስርም፤ ከሥር ገብቶ ሻንሲው (የመኪናው የሥር አካል) ላይ ጠንካራ ቦታ ይፈልጋል። ከሥር ሲገባ ደግሞ ጎማዎቹ በታኮ ተደግፈው ነው፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ሲገባ አላየንም።

ካቦው ሲለቀቅ ጋሼ በሚጠመጠምበት ከበሮ ላይ ቢያንስ አምስት ዙር መቅረቱን ያያሉ። ጭነቱን የሚይዘው የተጠመጠመው ካቦ ነው፤ ጫፉን ያሰረው ብሎን ብቻውን አይችለውም። ከመወጠሩ በፊት ልጁ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፎ ካቦው መሀል ላይ ይጥላል። የብረት ካቦ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይገርፋል፤ የብርድ ልብሱ ክብደት ወደ መሬት ይጎትተዋል። በካቦው መስመር ላይ ሰው ቆሞ ከሆነ፣ የመኪናው ባለቤትም ቢሆን፣ ጋሼ እጃቸውን ከመቆጣጠሪያው ያነሳሉ። ተናግረው አይቆጡም፤ ሰውየው እስኪርቅ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

መኪናው አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ አራቱም ጎማ በየራሱ ማሰሪያ ይታሰራል። ሻንሲው ላይ ብቻ የታሰረ መኪና መንገዱ ሲያነጥረው በሞላው ላይ ይወርዳል፣ ማሰሪያው ይላላል፤ ጎማ ግን አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደው ዳር ይዘው ይቆሙና ማሰሪያዎቹን እንደገና ያጠብቃሉ። እኛን በጣም የሚያስደስተን ግን ትንሿ ነገር ናት፤ ልጁ የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ በጠመኔ «ፍሬን የለውም»፣ «ዘይት ያፈሳል»፣ «ባትሪው ተፈቷል» ብሎ ይጽፋል። መኪናው ግቢ ውስጥ ሲወርድ ገፍቶ የሚያስገባው ሰው ፍሬን እንደሌለው አስቀድሞ ያውቃል።

በገመድ ስለመጎተት ጋሼ አቋማቸው ጥብቅ ነው፤ አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ በገመድ አይወስዱም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡት በኋላ እርዳታው ያልቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ይቆለፍና መኪናው ቀጥ ብሎ ገደል ይገባል። ከጭቃ ወይም ከቦይ ለማውጣት፣ ማርሽ ያለውንም ለአጭር ርቀት ለማንቀሳቀስ፣ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ገመድ፣ ቁልፍ የተከፈተ መሪ፣ ቀስ ያለ አነሳስና ያልላላ ገመድ በቂ ነው። ጉዳት የሚመጣው ገመዱ ላልቶ ድንገት ሲወጠር ነው።

ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ሙቀቱ ሲበረታ ከሚደውሉላቸው ብዙዎቹ ሞተራቸው የፈላባቸው ናቸው። ጋሼ እነዚህን ለመጫን አይቸኩሉም። ሞተሩን አጥፉ፣ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ ይላሉ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ ወደ 95 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተሩን ከዚህ የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ውኃው ያለ ጊዜው ይፈላል፤ ሰው ግን ሞተሩን ያስፈታል። ጋሼ የራዲያተሩን ጎማ፣ ቺንጋውንና ማራገቢያውን አይተው፣ ችግሩ ክዳን ብቻ ሆኖ ሲያገኙት ቀይረው ሰውየውን በራሱ መኪና ይሸኙታል። የሚያስከፍሉት የመምጫውን ብቻ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያፈሱ ግን አይታሰቡም፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃልና።

ግጭት ከሆነ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሳይለካ አያነሱም። ቁልፉን ያጠፋሉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፈታሉ፣ የፈሰሰ ዘይት ላይ አሸዋ ይበትናሉ፣ የተሰበረውን መስታወት ይጠርጋሉ።

ማንሻቸው የሚችለው የቤት መኪና፣ ፒካፕና ባዶ ሚኒባስ ነው። ጭነት ያለበት አይሱዙ ወይም ተሳቢ ቢቆምባችሁ ትልቅ ክሬን ያላቸውን ሰዎች እንጂ እነሱን አትጥሩ፤ ራሳቸውም እንቢ ይላሉ። ዋጋው በስልክ ተነግሮ ይጨረሳል፤ መንገድ ላይ አይጨምርም። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን። ስትደውሉ የመኪናውን ዓይነት፣ ያላችሁበትን አቅጣጫና ጎማዎቹ መዞር አለመዞራቸውን አዘጋጅታችሁ ያዙ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። አንተም ልጅ፣ እጅህ ይባረክ።