ጋሼ ቧንቧ፣ እግዜር ይስጥልን

ሰላም የአዳማ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገን፣ ቤቱ ቧንቧ ላስቸገረው ሰው ደግሞ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ አጥብቀው ስለለመኑኝ የሰፈራችን ልጆች ባወጡላቸው ስም ጋሼ ቧንቧ ልበላቸው።

እኔ ጎሮ አካባቢ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች የማስረክብ ሴት ነኝ። ዛሬ ውሃ አጥቼ ያላቦካሁት ሊጥ ከነገ ወዲያ ከእጄ የሚጎድል ገንዘብ ነው። ለዓመታት ፈረቃችን በሚደርስበት ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት እየተነሳሁ ጀሪካን ስደረድር ኖሬያለሁ። ፈረቃው በዘለለን ሳምንት ደግሞ ከጋሪ እገዛለሁ፤ ውሃው ከየት እንደተቀዳ የሚያውቀው ባለጋሪው ብቻ ነው።

አምና መንገዳችን ተቆፍሮ አሮጌው ዋና መስመር ሰፋ ባለ የፕላስቲክ ቧንቧ ሲቀየር የሰፈሩ ሰው ደስታውን አልቻለም። እናቶች ቡናና ቆሎ ይዘው ቆፋሪዎቹ ዘንድ ወጡ፤ ቆጣሪዎቻችንም ተቀየሩ። ውሃው ሲለቀቅ ግን ማድቤቴ የገባው ያው የድሮው ነበር፣ እንደ ክር የቀጠነ። ጎረቤቶቼም እንደዚያው። «አዲስ መስመር ብለው አሞኙን» ያልን ብዙ ነን። እኔም ብያለሁ፤ በፀሐይ ሲቆፍሩ የከረሙትን ልጆች ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ ሠራተኛ የዕቃ መግዣ ብሎ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ሳለ ነው የእድራችን ዳኛ ጋሼ ቧንቧን ይዘው የመጡት።

ስለ ዋጋ አንድም ቃል ሳይናገሩ «ልጄ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለሽ?» አሉኝ። ቆጣሪው ዘንድ መገጣጠሚያውን ፈትተው ጀሪካኑን ደቀኑና በስልኬ ሰዓት አስያዙኝ። በአንድ ደቂቃ ከሩብ ሞላ። መልሰው ገጥመው ማድቤት ገባን፤ ያንኑ ጀሪካን ደቀንን። 12 ደቂቃ ፈጀ። ከቆጣሪው እስከ ማድቤቴ 14 ሜትር ቢሆን ነው። «ውሃው አጥርሽ ድረስ በደህና መጥቷል፤ የታነቀው እዚሁ ግቢሽ ውስጥ ነው» አሉኝ።

ከዚያ አባቴ ያስገባውን የብረት ቧንቧ በመጋዝ ቆርጠው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ውስጡ ግን ዝገቱ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ሠርቶ ደፍኖት፣ የቀረው ቀዳዳ እስክሪብቶ አያሳልፍም። የልጆቼ ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ባጠብኩት ቁጥር ለምን ወደ ቢጫ እንደሚሄድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቁራጩን አልጣልኩትም፣ መስኮቴ ላይ አለ። መጥቶ ላየ ጎረቤት ሁሉ አሳይቼዋለሁ፤ በሳምንቱ 11 ቤት የብረት ቧንቧውን በፕላስቲክ አብሮ ለመቀየር ተስማማ።

ዕቃውን በአንድ ላይ እንድንገዛ የመከሩን እሳቸው ናቸው፤ በጅምላ ሲሆን ይረክሳል ብለው። ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልለው ለእድሩ ዳኛ አስረከቡ፣ የተረፈውንም ብር እስከ ሳንቲሙ መለሱ። ገንዘቡን ያነሳሁት ቀብዴን ከተበላሁ በኋላ እንዲህ ያለ ሰው ማየት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ስለማውቅ ነው።

ሥራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። ቦዩ እስከ ጉልበት ካልጠለቀ ቧንቧ አያስተኙም። ከሥሩ ድንጋይ የሌለበት አፈር በወንፊት ነፍተው ያነጥፋሉ፤ ስለታም ጠጠር ውሎ አድሮ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ልጆቹ አፈር ሊመልሱ አካፋ ሲያነሱ ከለከሏቸው። ቧንቧው ውስጥ ውሃ ሞልተው ቦዩን ክፍት አሳደሩት። ጠዋት በጉልበታቸው እየተንበረከኩ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠረጉ። እኛ ቤት አንዱ ጋ ሶፍቱ ትንሽ ረጠበ፤ በዓይን የሚታይ ጠብታ እንኳ አልነበረም። ፈተው እንደገና አሰሩት፣ አንድ ቀን ጨምሮ ክፍት ዋለ። የሁለተኛውን ቀን ዋጋ አልጠየቁም።

የመጀመሪያውን ውሃ እንድንጠጣ አልፈቀዱልንም። እስኪጠራ ድረስ አስፈስሰው፣ ሮቶዬን በበረኪና አሳጥበው፣ አስለቅልቀው ነው «አሁን ጠጡ» ያሉን። ወደ ሮቶው በሚገባው ቧንቧ ላይም መስመሩ ሲጠፋ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አስገቡ።

ቆጣሪ ማንበብም አስተማሩን። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ኮከብ እዩ፤ ከዞረች አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ጎረቤቴ እማማ ለብዙ ወር ሒሳብ በዛብኝ እያሉ ያለቅሱ ነበር። ኮከቧ ቀስ እያለች ትዞራለች፤ ሄደው ሲያዩ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሌት ተቀን ድምፅ ሳያሰማ ይፈስ ኖሯል። የጎማ ዋሸር ነው የቀየሩላቸው፣ ያውም በነጻ። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ማለት መሆኑን ሲነግሯቸው እማማ ራሳቸውን ይዘው ቀሩ።

ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው ግን እንቢ ባሉበት ቀን ነው። አንድ ጎረቤታችን ዲናሞ ገዝቶ በቀጥታ ከመስመሩ ላይ እንዲገጥሙለት ጥሩ ብር አቀረበላቸው። አይሆንም አሉት። «አንተ ስትስብ የታችኞቹ ቤቶች ይደርቃሉ። መስመሩ የተሰነጠቀበት ካለም ከዙሪያው ያለውን ፍሳሽ አብረህ ትጠጣለህ» ብለው አስረዱት። በምትኩ መሬት ላይ ሮቶ አስቀምጦ ከሮቶው እንዲስብ ሠሩለት፤ ዛሬ ከሁላችን በላይ የሚያመሰግናቸው እሱ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኔ ከሊጥም ያልፋል። እናቴ የወንጂ ልጅ ናት። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር አያቴ ለአገዳ ሥራ ከመጡት አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን የወንጂ ልጆች የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ የበዛ ነበር፤ የእናቴ ጥርስ ገና በልጅነቷ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ስትስቅ እስከ ዛሬ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል። ማፍላትም አይረዳም፣ ውሃው እየተነነ ሲያንስ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር ጭራሽ ይበረታል። ለከተማችን የሚመጣው ውሃ ከቆቃ ግድብ በታች ከአዋሽ ተወስዶ የተጣራ ነው። እኔ ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀውን የጋሪ ውሃ ለልጆቼ ሳጠጣ የእናቴ ነጠላ ዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ነበር። አሁን ጋሪ ከጠራሁ ወራት አለፉ። ፈረቃው አልቀረም፤ ተራችን ሲደርስ ግን ሮቶው በአንድ ሰዓት ይሞላል፣ እኔም ሌሊት አልነሳም።

ዋናውን መስመር ለዘረጉት የውሃ አገልግሎት ባለሙያዎች፣ እድራችንን አስተባብረው ላስቆፈሩት ዳኛችን፣ አካፋ ይዘው ለወጡት የሰፈር ጎረምሶችም ምስጋናዬ ይድረስ። ጋሼ፣ እርስዎን ደግሞ እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ እጅዎ አይዛል።

መንገዳችሁ ላይ አዲስ መስመር ገብቶ ቤታችሁ ውሃው የቀጠነባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እሁድ ጠዋት አትደውሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «ጀሪካኑ ቆጣሪው ጋ በስንት ደቂቃ ሞላ? ማድቤትስ?» ብለው ነው። ለክታችሁ ጠብቋቸው።