የመኪና ጣሪያ ላይ ድንኳን የምትፈልጉ፣ የሳሪሱን ልጅ ሳታዩ አትግዙ!

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ የምለጥፍ ሰው አይደለሁም፤ የሌላውን አንብቦ ማለፍ ነው ልማዴ። ይሄንን ግን ዝም ብል ህሊናዬም አባቴም አይለቁኝም። ከባሌ ከተመለስን ጀምሮ "ለዚያ ልጅ ጻፍሽለት ወይ?" እያለ ጠዋት ማታ ይጠይቀኛል። ይኸው ጻፍኩ አባዬ።

መኪናችን አሮጌ ፕራዶ ናት። እኔና ባለቤቴ ልጆቹን ይዘን ከከተማ መውጣት እንወዳለን፤ ሎጅ ግን በዛሬ ዋጋ ለቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። መሬት ላይ በሚተከል ድንኳን እንዳንተኛ ልጆቹ ጅብ ይፈራሉ፣ እኔ ደግሞ እርጥበቱን (እውነቱን ለመናገር ጅቡንም)። ስለዚህ መኪና ላይ የሚዘረጋውን እንግዛ ተባባልን።

የመጀመሪያውን የገዛንበትን ቤት ስም አልጠራም። ምሬቴን ግን ልተንፍሰው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬያለሁ። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ፈረንጆች ድንኳን ውስጥ ተጋድመው ቡና ሲጠጡ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየን። "አንደኛ ደረጃ ዕቃ ነው፣ ዝናብ አይነካውም፣ ቤተሰብ ሙሉ ያስተኛል" አለን። መኪናችንን ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ሊመሽ ሲል ሁለት ልጆች ተጣድፈው ፖርቶመጋላው (ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ ብረት) ላይ አሰሩትና ሸኙን።

ወንጪ ወጣን። ሌሊት ዝናቡ ሲጀምር መጀመሪያ ስፌቱ ጋ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ፍራሹ ከሥሩ ራሰ፣ ከዚያ ትንሹ ልጄ "እማዬ አልጋው ሽንቱን ሸና" አለኝ። ጋቢና ውስጥ ተጣጥፈን አነጋን። ስንመለስ ደግሞ ፒስታው ላይ ከጣሪያው "ኳ! ኳ!" የሚል ድምፅ። ባለቤቴ ወርዶ ሲያይ አንዱ ዳዶ ወልቆ የለም፣ ሌላው በጣት ይዞራል። ስንደውል ሻጩ ምን ቢለን ጥሩ ነው? "እናንተ ነካክታችሁት ይሆናል።" ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳቱንም ተወው። ሌላ ቦታ ወስደን "እናስተካክላለን" ብለው ሲሊኮን ለቅልቀው ብር ተቀበሉን፤ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ነው። ተውኩት፣ ደሜ ይፈላል።

የሳሪሱን ልጅ የጠቆመን ቱሪስት የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ታፔላ የለውም፣ ከጋራዥ ጀርባ ያለች ግቢ ናት። አሮጌውን ድንኳን እንዲጠግንልን ነግረነው ዘረጋው፣ ውስጡ ገብቶ ተጋደመ፣ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ ዞረው። ወጥቶ "ብጠግነው ብራችሁን መብላት ነው" አለን። ቀጥሎ ያለው ግን ገረመኝ። ከሥር የራሰው ፍራሽ ዝናብ አልነካውም፤ የራሳችን ትንፋሽና ሙቀት ነው፣ ቀዝቃዛው ወለል ሲያገኘው ውሃ የሚሆን። ለእሱ መድኃኒቱ ብርድም ቢሆን መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛትና ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው አለን። ይሄን ሁሉ ያወራን ገና ምንም ሳንገዛው ነው።

ከዚያ የጠየቀን "በጀታችሁ ስንት ነው?" ሳይሆን "ማን ማን ነው የሚተኛው?" ብሎ ነው። የመኪናዋን መጽሐፍ አስመጥቶ አነበበ። መኪና ቆማ ጣሪያዋ የሚችለውና እየሄደች የሚችለው ክብደት ለየቅል ነው፣ ስትሄድ የምትችለው በጣም ያነሰ ነው አለ። ድንኳኖቹ ከሃምሳ እስከ ሰማንያ ኪሎ፣ ትልልቆቹ ከዚያም በላይ ይመዝናሉ፤ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ይታሰባል። የቀረውን ስሌት ከባለቤቴ ጋር ተጨቃጨቁበት፣ እኔ አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልጣርኩ። የተረዳሁት ያ የመጀመሪያው ድንኳን ለመኪናችን ከመጀመሪያውም እንደማይሆን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባዬ ሰባን አልፏል። በወጣትነቱ ጎባ ተመድቦ አስተምሯል፤ ከዚያ ወዲህ ባሌን አላያትም። እኛ ልንሄድ ነው ስንል "እኔም አለሁ" አለ፣ ተቆረጠ። ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ያመኛል ብሎ የሚናገር አንደበት አልተፈጠረለትም። እኛ ጠንካራ ልባስ ያለውን፣ እንደ ሳጥን ክዳን ብድግ የሚለውን ድንኳን መርጠን ልናስገጥም በሄድንበት ቀን አብሮን መጣ።

ልጁ አባዬን ገና ከመኪና ሲወርድ አይቶታል መሰለኝ። "ጋሼ፣ እኔ ቀጭን ነኝ፣ መሰላሏን በእኔ ክብደት መፈተን አይቻልም። እባክዎ ይሞክሩልኝ" አለው። አባዬ ደስ ብሎት ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። ወጣ። ሲወርድ ግን ጉልበቱ እምቢ አለው፤ መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። ሁላችንም አየን፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ልጁ ቀስ ብሎ ቀረበና የመሰላሉን እግር ያዘ። "ይቅርታ ጋሼ፣ ተንሸራታችብኝ፣ እስክትረጋ አንዴ ይቁሙልኝ" አለ። መሰላሉ ንቅንቅ አላለም ነበር!

አባዬ ወርዶ ሻይ ሲቀርብለት ልጁ እኔን ወደ ጎን ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?" አለኝ። ድንኳን ሻጭ ይሄን ይጠይቃል ብዬ በህልሜም አላሰብኩም። ሁለት ሦስቴ አልኩት። "በቃ ይሄ ይቅር" ብሎ ያን ውዱን ድንኳን መለሰው። ያወጣልን ሌላ ነው፤ ባለ ሸራ፣ ተዘርግቶ ከሥሩ በዚፕ የሚያያዝ ሌላ ክፍል ወደ መሬት የሚወርድለት። ዋጋውም ከመረጥነው ያነሰ። ከዚያ ለአባዬ ምን እንዳለው ስሙ፦

"ጋሼ፣ ላይ የተኛ ሰው ታች ያለውን አያይም። ዕቃውን የሚጠብቅ አንድ ጠንካራ ሰው ታች መተኛት አለበት። እኚህ ባለቤቷ ደግሞ እንቅልፋም ይመስሉኛል።"

አባዬ ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየውና "እሱስ እውነትህን ነው" አለ። "ታች እኔ ነኝ። ማንም አይነካብኝ።" (ባለቤቴ እስካሁን ያኮርፋል።) የድሮው ድንኳን ፍራሽም አልተጣለም፣ ለአባዬ አልጋ ተቆርጦ ተስተካከለ። ለመቁረጡ አንድ ብር አልጠየቀንም። አዲሱን ድንኳን ደግሞ ውሃ በጎማ አርከፍክፎበት፣ አድርቆ፣ እንደገና አርከፍክፎበት ነው የሰጠን፤ ሸራው አንዴ ርሶ ሲደርቅ ክሩ አብጦ የስፌቱን ቀዳዳ ይደፍናል አለን።

ከጥምቀት በኋላ ሄድን። ያደርነው ዲንሾ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት የመኪናዋ መስታወት አመዳይ ለብሶ ነበር። ላይ እኛ ደርቀን፣ ታች አባዬ በባትሪና በከዘራ ዘቡን ይዞ አደርን። ንጋት ላይ ከርከሮዎች ድንኳኑን ሊያሸቱ መጥተው "ማነህ አንተ!" ብሎ ሲጮህ ግቢው በሙሉ ነቃ። አሁን ያቺ ወሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትነገራለች፣ ከርከሮዎቹም በየሳምንቱ ይበዛሉ። ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ አየን፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ላይ ቆመን ፎቶ ተነሳን፤ እሱን ሌላ ቀን እለጥፋለሁ። ልጁ "ፒስታ ስትጀምሩ ትንሽ ሄዳችሁ ቁሙና ብሎኖቹን እዩ" ብሎን ስለነበር ቆመን አየን። አንድም አልላላም።

ሌላም የነገረን ነገር አለ፦ እርጥብ ድንኳን አጥፋችሁ ቤት ከገባችሁ በነጋታው ዘርግታችሁ አድርቁት፣ አለበለዚያ ይሻግታል። መኪናዋ ቁመት ስለምትጨምር የሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ ስትገቡ ተጠንቀቁ። ነዳጅም ከበፊቱ ትንሽ ጨምራ ትበላለች፣ አትደንግጡ።

እባካችሁ ለእንዲህ ዓይነት ባለሙያ ሥራ እንስጠው። ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ሲደወል ቶሎ አያነሳም፣ መልእክት ጻፉለት። ዋጋ ከወር ወር ስለሚቀያየር የእኛን አልነግራችሁም፣ እሱን ጠይቁት። ስትሄዱ ደግሞ የሚተኛውን ሰው በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አያትም ካሉ አያትን ጨምሮ። አለበለዚያ "ይዛችኋቸው ኑ" ብሎ ይመልሳችኋል።