ከቸርችል ጎዳና የገዛሁት የብረት ቆብ እና ያጠቡት ስም

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ሲወረድ፣ የስጦታ ዕቃ ሱቆቹ ከተደረደሩበት መሀል አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱን ወድጃቸዋለሁ፣ ልወቅሳቸው ደግሞ ነው። ፊት ለፊት ጀበና፣ መስቀል፣ ማርትሬዛ ምናምን ተደርድሯል። የወታደር ዕቃው ከኋላ ነው፣ ካልጠየቃችሁ አያሳዩአችሁም።

መጀመሪያ ያወጡልኝ የጣሊያን ቆብ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ፣ ከኋላም አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት የአየር ቀዳዳ ያለው፣ ጣሊያኖች ሞዴል 33 የሚሉት። «ይሄ የአድዋ ነው» አሉኝ፣ ሳያቅማሙ። ጋሼ፣ አድዋ እኮ 1888 ነው! ዘመናዊው የብረት ቆብ ለሠራዊት በብዛት መታደል የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው በፈረንጅ 1933 የወጣ። የማይጨው ነው ቢሉኝ ዝም እል ነበር። ይሄን ስላቸው ሳቁ፣ «አንተ ደግሞ አወቅክብኝ» ብለው መልሰው ሰቀሉት። ነገ ለሌላ ሰው የአድዋ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛው ግን ቀልቤን ገዛው። አሜሪካ ሠራሹ ኤም-1። «የቃኘው ሻለቃ ነው፣ ኮሪያ ደርሶ የመጣ» አሉ። ይሄ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ቃኘዎች ሚያዝያ 1943 መጨረሻ ላይ ኮሪያ ቡሳን ወደብ ሲደርሱ የታጠቁት የአሜሪካኖቹን ትጥቅ ነው፣ የተመደቡትም በእነሱ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር። በዙር በዙር ከ6,000 በላይ ሰው ዘምቶ፣ ከ120 በላይ ተሰውቶ፣ አንድም ሰው ያልተማረከበት ዘመቻ። የዚያ ሰው ቆብ እጄ ላይ ነው ብዬ ሳስብ መከራከሩን ራሱ ረሳሁት። 9,000 ያሉትን በ6,500 ሰጡኝ፣ «ለአንተ ስለሆነ ነው» ተጨምሮበት። ደረሰኝ የለም። የውጭ እንግዳ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለ ቆየት ያለ ዕቃ ከአገር ሲወጣ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ራሳችሁ ንገሩት፤ እሳቸው አልነገሩኝም።

ቤት ገብቼ ቆቡን ያደረገውን ሰው ፍለጋ ጀመርኩ። ኤም-1 ሁለት ቆብ ነው፤ ከላይ ብረቱ፣ ከሥር ቀለል ያለው የውስጥ ቆብ። ብረቱ ውስጥ፣ ግንባር በኩል ከጠርዙ አጠገብ የተመታ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የወታደሩ መለያ ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም፣ ብረቱ የመጣበት የምርት ዙር ቁጥር ነው፣ ሰው ፍለጋ ላይ ምንም አይጠቅምም። የኔው ከቁጥሩ ሥር ኤስ የምትል ፊደል አለችው፣ ይህም ሽሉተር የሚባለው የሴንት ሉዊስ ፋብሪካ ምልክት ነው። አብዛኛውን የሠራው የዲትሮይቱ ማኮርድ ስለሆነ ትንሽ ደስ አለኝ። የጠርዙ መጋጠሚያም ከፊት ነው፤ በፈረንጅ 1944 መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ አዙረውታል። ስለዚህ ብረቱ ከኮሪያ በፊት የተሠራ ነው። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ትክክል።

በማግስቱ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ልወስደው ቆቡን በፌስታል ይዤ ታክሲ ገባሁ። መስኮት ጋ ነበርኩ። ጭኔ ላይ ገልብጬ ሳገላብጠው ፀሐይዋ በአግድም ስታርፍበት፣ የውስጡ ቆብ ላይ ቤት ሆኜ ያላየሁት ጽሑፍ ብቅ አለ። ዲኤስኤ ይላል፣ ቀጥሎ 67። ዲኤስኤ ማለት ለአሜሪካ ጦር ዕቃ የሚገዛው መሥሪያ ቤት ነው፤ የተቋቋመው በፈረንጅ 1961። የኮሪያ ተኩስ የቆመው በዚያው በፈረንጅ 1953። በቃ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ፣ ዘማቾቹ ፊት ከማፈር ይሻላል።

ብረቱ ኮሪያ ሄዶ ይሆናል፣ ሁለቱ ቆቦች መጋዘን ውስጥ ይቀያየራሉና። የውስጡ ግን የሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ስሙን ጽፏል! ጭንቅላት በሚያርፍበት የጨርቅ ማሰሪያ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ወ/ር ተስፋ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ጨርቁ ነጭ ነው። በጣም ነጭ። ሱቅ ደወልኩ። «ቆሽሾ ነበር እኮ፣ ልጁ በኦሞ ፈትጎልህ ነው» አሉኝ፣ ምስጋና በሚጠብቅ ድምፅ።

የስልኬን መብራት በጎን ይዤ፣ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ ንፅፅሩን ጨምሬ አንድ «ማ» አገኘሁ። ተስፋማርያም ይሁን ተስፋ ማሞ እንግዲህ! አሜሪካኖቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአባት ስማቸውን መጀመሪያ ፊደልና የመለያ ቁጥራቸውን መጨረሻ አራት አሃዝ ይጽፉ ስለነበር ሰዉን እስከ ቤቱ የሚደርሱበት አሉ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለ፣ ግማሽ ስም ይዞ የት ይኬዳል? ዘመኑን ብቻ ማጥበብ ቻልኩ። የውስጡ ቆብ ከ1967 በፈረንጅ በፊት አልተሠራም፣ የአሜሪካ ጦር ዕርዳታ ደግሞ በደርግ ጊዜ በእኛ 1969 ተቋርጧል። በንጉሡ መጨረሻ ወይም በደርግ መጀመሪያ የታደለው ወታደር ነው ማለት ነው።

ዕቃውን በሚመለከት አላማርርም። ኦርጅናል ነው፣ በዚህ ዋጋም አልተጎዳሁም። የሚያናድደኝ፣ የሌለ ባለቤት ፈጥረው እየሸጡ፣ የእውነተኛውን ስም በኦሞ ማጠባቸው ነው። ቡናማ የጫማ ቀለምም የቀቡት አለ፣ እንዳትገዙት።

ተመልሼ ሄጄ ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። አልደበቁኝም፤ ከቆራሌው ነው፣ ቆራሌው ደግሞ ምናለሽ ተራ ለመሸጥ ሲሄድ መንገድ ላይ አስቁመውት። «ማን እንዳደረገው የጠየቀኝ አንተ የመጀመሪያህ ነህ» አሉና ልጁን ጠርተው ጓዳውን አስከፈቱልኝ። አቧራ የለበሱ ሁለት ኤም-1 አሉ፣ ገና ውሃ ያልነካቸው። 500 ብር ቀብድ ሰጥቼ፣ «እስክመጣ እንዳትነካቸው» ብዬ ልጁን አስምዬ ወጣሁ።