ኮን ቢም ሲቲ፦ ለተቀበረ ክራንቻ ወደር የለውም፣ ለሁሉም ግን አይታዘዝም

ኮን ቢም ሲቲ ጥርስንና መንጋጋን በሦስት አቅጣጫ (3D) የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ ነው። ጥቅሙ የሚታወቀው የላይኛው ክራንቻ ሳይወጣ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር ነው። ተራው ራጅ ጥርሶቹን አነባብሮ ያሳያል፤ ኮን ቢም ግን ክራንቻው ወደ ላንቃ ይሁን ወደ ከንፈር ማዘንበሉን፣ የጎረቤቱን ጥርስ ሥር መብላቱንም ለይቶ ያወጣል። ለዚህ ጠባብ የምስል ክልልና 0.2 ሚሊ ሜትር ቮክሰል (ምስሉ የሚሠራባት ትንሿ ኩብ) ይበቃል።

ትልቁ ጠላቱ እንቅስቃሴ ነው። መሣሪያው ጭንቅላትን ሲዞር ታካሚው ምራቁን ከዋጠና አገጩ ከተነቃነቀ የአጥንቱ ጠርዝ ድርብ መስመር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ምራቅ ቀድሞ ይዋጥ፣ አገጭና ግንባር በደንብ ይደገፍ። ከብረት ሙሌት አጠገብ የሚታይ ጥቁር ጥላ ሁሉ የተበላ ጥርስ አይደለም፤ ብረቱ የፈጠረው ሊሆን ይችላል።

ጨረሩ በአብዛኛው ከፓኖራሚክ ራጅ (ጥርሶችን ሁሉ በአንድ ምስል ከሚያሳየው) ስለሚበልጥ ለተለመደ የብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ክትትል፣ በተለይ ለልጆች፣ ማዘዝ ስህተት ነው።