ላንጋኖ ዳር፦ በሰዓት ወይስ በቦታ?

ላንጋኖ ዳር ድንኳን የሚተክል ሰው በብዛት የሚመጣው ለዋና ነው፤ ሐይቁ ከብልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ ይታወቃልና። ካያክ (ጠባብ ታንኳ) እና ቀዘፋ የሚያስተምሩም ያንኑ ዳርቻ ይፈልጋሉ። እንዴት ይካፈሉት?

በሰዓት መከፋፈል ዳርቻው ጠባብ ለሆነ ካምፕ ያዋጣል፦ ጠዋት ለሠልጣኞች፣ ከዚያ በኋላ ለዋናተኞች። ግን ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የደረሱ ልጆችን «ሰዓታችሁ ገና ነው» ብሎ ማን ያቆማቸዋል?

እኔ በገመድና በተንሳፋፊ ምልክት ቦታውን መለየት ይሻላል እላለሁ። ዋናው ምክንያቴ የውሃው ቀለም ነው። ላንጋኖ ቡናማ ነው፤ ጠልቆ የሚዋኝ ልጅ ከላይ አይታይም። ጀማሪ ቀዛፊ ደግሞ ታንኳውን ቶሎ ማዞርም ሆነ ማቆም አይችልም። በሰዓት ከተከፋፈሉ አንድ ያረፈደ ሠልጣኝ ለአደጋ ይበቃል። የታንኳ ማስቀመጫውም በሠልጣኞቹ በኩል ይሁን፤ ንጋት ላይ ታንኳ በድንኳኖች መሃል መጎተት የለበትም።