ባጃጇ ጊታሬ፦ ከ14 ወር በኋላ

ቀለሙን የመረጥኩት በስልክ ነው። ማታ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ የስልኩን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሜታሊክ ጊታር አየሁና አለቀልኝ። ሌላ ቀለም አላማረጥኩም። አሁን 14 ወር ሆነው። ሠርግ ላይ፣ ሆቴል ቤት መድረክ ላይ፣ አንዴም ሶደሬ ድረስ ወስጄ ተጫውቼበታለሁ፤ ስለዚህ ስለ ቀለሙ አፌን ሞልቼ ማውራት እችላለሁ።

ጊታሩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ቅርጹ የስትራቶካስተር (የአሜሪካው የፌንደር ኩባንያ ታዋቂ ሞዴል)። ኔኩ (አንገቱ)፣ ፒካፖቹ (የክሩን ንዝረት የሚቀበሉት ማግኔቶች) እና ብረታ ብረቱ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ መጡልኝ። ቦዲውን (አካሉን) ግን እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ያለ አናጢ ነው ከዋንዛ የሠራልኝ። ሥራው ሶፋና ቁም ሳጥን ነው፣ ጊታር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ግን የካርቶን ልክ ሰጥቼው ከእኔ በላይ ተጠነቀቀለት።

ጋሼ (እንዲህ ነው የምለው) ቀለም የሚባል ነገር መስማት አልፈለገም። «ልጄ፣ ዋንዛን ቀለም ልትቀባው? ኮምፔንሳቶ መሰለህ እንዴ?» አለኝ። ቫርኒሽ ብቻ፣ በቃ። ሲብስበት ደግሞ እንጨቱ እየታየ በቀይ ማቅለሚያ ጠርዙን እናጥቁረው አለ። ሐሳቡ አልከፋኝም፣ ፀሐዩ ነው ያስፈራኝ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት የጊብሰን ኩባንያ ሌስ ፖል ጊታሮች ጠርዛቸው ላይ የነበረው ቀይ በብርሃን እየደበዘዘ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ቢጫ ሆነው ቀርተዋል። ዛሬ ሰብሳቢዎች ያንን የደበዘዘውን በውድ ነው የሚገዙት። እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም። የአዳማ ፀሐይ ደግሞ የበር መጋረጃ እንኳን አይምርም። መጨረሻ ላይ ተስማማን፦ ፊቱና ጎኑ ሰማያዊ፣ ጀርባው ዋንዛው እየታየ ክሊር (ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን) ብቻ። ጋሼን ደስ እንዲለው ብዬ ነበር የተስማማሁት። ይህቺን ያዙልኝ።

ቀለሙን የቀባልኝ ባትላሜራ ቤት ጎን የሚሠራ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። የመኪና ቀለም ለጊታር ብላችሁ እንዳትስቁ። ፌንደር ራሱ በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ ደንበኛ ለየት ያለ ቀለም ሲያዝ ከዱፖንት የመኪና ቀለም ነበር የሚጠቀመው። ፊየስታ ሬድ የሚባለው ቀይ የፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነበር፣ እኔ ያበድኩለት ዓይነት ሰማያዊ ደግሞ፣ ሌክ ፕላሲድ ብሉ፣ የካዲላክ። ስለዚህ ጋራዥ መሄዴ የድህነት ብልሃት ብቻ አይደለም፣ ወጉም ነው። ያኔ የነበረው ቀጭኑ የናይትሮ ቀለም እዚህ አልተገኘልኝም፤ አልቆጨኝም። ናይትሮ የስታንድ ጎማ እንኳን ሲነካው የሚላላ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት እንደ ደረቀ ጭቃ የሚሰነጠቅ ቀለም ነው። የኔው ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበት የመኪና ክሊር ነው። ጠንካራ ነው።

ቀለም ቀቢው «ብሮ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ና፣ ነፋስ ሳይነሳ» አለኝ። የነፋስ ማመንጫዎቹ እነዚያ ኮረብታዎች ላይ ለጌጥ አልተተከሉም መቼም። ወለሉን ውሃ ረጨ፣ አቧራው እንዳይነሳ። የዋንዛው ቀዳዳ ሰፋፊ ስለሆነ ከፊት በኩል በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሰ በኋላ ነው መሠረቱን፣ ሰማያዊውን፣ ከዚያ ክሊሩን የረጨው። አንዲት ትንኝ ክሊሩ ውስጥ ገብታ ቀረች፣ ከብሪጁ (ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት) በታች። ላውጣት ሲል ተዋት አልኩት።

አሁን የተበላሸውን ልንገራችሁ።

አንደኛው ጥፋት የኔ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ቸኩዬ በጋቢ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። ክሊሩ ከላይ ሲነኩት ደርቋል፣ ውስጡ ግን ገና ለጋ ነበር። በማግስቱ ስገልጠው የጋቢው ሽመና ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል። ጥለቱ ሳይቀር! በ2,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ታሽቶ፣ በፖሊሽ ተወልውሎ አብዛኛው ጠፋ፤ ጎን ላይ ግን ዛሬም ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ይታያል። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አትጠቅልሉት፣ ኬዝ ውስጥም አትክተቱት። እኔ ወር ብጠብቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛው፣ ኔኩ የሚገባበትን ጎድጓዳ በወረቀት ፕላስተር ሳንሸፍን አስቀባነው። ይህን የሚያህል ነገር ማናችንም ትዝ አላለንም። ቀለምና ክሊር ሲደራረብ ውፍረት አለው፣ እና ኔኩ እምቢ አለ። እኔ ደግሞ ገፋሁት። ጠርዙ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ቅርፊት ተነሳች። ቀለም ቀቢው በተረፈው ቀለም ነካ ነካ አደረጋት፣ ግን ሜታሊክ በብሩሽ ሲነካ የሚያብለጨልጨው ብናኝ እንደ መጀመሪያው አይተኛም። ቦታዋ እንደ ቁስል ጠባሳ ይታወቃል።

ሦስተኛውን ጊዜ ነው ያመጣው። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ፊቱ ላይ የእንጨቱ መስመር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ስቱኮው እየደረቀ ወደ ቀዳዳው ሰረገ መሰለኝ። መስታወት የነበረው ፊት አሁን በጎን ሲያዩት ነፋስ የነካው ውሃ ይመስላል። አንዳንድ ሰው ያምራል ይላል። እኔ የከፈልኩት ለመስታወት ነበር።

መድረኩን ደግሞ ተዉት። ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ሰማያዊው ልብ ይሰርቃል። ማታ ግን የምንጫወትባቸው ቤቶች መብራታቸው ቀይና ብርቱካናማ ነው፤ እዚያ ስር ጊታሩ ጥቁር ነው። ጥቁር ብቻ። ያ ሁሉ ሜታሊክ የት እንደገባ እንጃ። ቪድዮ ላይ ራሴን ሳይ የማንንም ጥቁር ጊታር ይዤ ነው የሚመስለው። ቀን ሠርግ ላይ ሲሆን ደግሞ፣ በፀሐይ፣ ሙዚቀኛ ጓደኞቼ «ባጃጅ» ብለው ስም አወጡላት። «ባጃጇን አምጣት»፣ «ባጃጇ ዛሬ ስንት ሰው ጫነች?» ከተማው ሙሉ ሰማያዊ ባጃጅ በሆነበት አገር ሰማያዊ ጊታር ማስቀባት ምን እንደሚያስከትል አልጋ ላይ ሆኜ አላሰብኩም።

አቧራውና የጣት አሻራውም አለ። ጠቆር ያለ አንጸባራቂ ቀለም ላይ ሁሉም ይታያል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት ክብ ክብ ጭረት ይተዋል፤ እኔ አሁን መጀመሪያ እፍ እላለሁ፣ ከዚያ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ። ድምፅ ቀየረ ወይ ለሚሉኝ፦ ያለ ቀለምም ለሁለት ቀን ገጣጥሜ ሞክሬዋለሁ፣ ጆሮዬ ልዩነት አልሰማም። ፒካፕ ቀይሩ፣ ይሻላችኋል።

ጀርባውስ? ለጋሼ ብዬ የተውኩት ጀርባ በ14 ወር ውስጥ አንድ ቀን አላስከፋኝም። የቀበቶዬ ዘለበት ስንቴ ፍቆታል፣ ግን በዋንዛው መስመር መሃል ጭረቱ ይጠፋል። ቀለሙም ወርቅማ እየሆነ፣ እየሞቀ መጥቷል። ሰው ጊታሩን ሲቀበለኝ ፊቱን አይቶ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ሲገለብጠው ግን ዝም ይላል። ጋሼ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ ይዞ ሲገላብጠው ፊቱን አላየውም እንኳን።

አሁን ቢሆን ምን እመርጣለሁ? ሜታሊክ አልነካም፣ ቢላጥ መጠገኛ የለውም። ፊቱም ዋንዛ ይሁን፣ ስቱኮም አልፈልግ፣ ክሊሩ ሳሳ ብሎ። የግድ ቀለም ከተባለ ፈዘዝ ያለ ክሬም፣ በቀይ መብራት ስር ቀይ፣ በሰማያዊ ስር ሰማያዊ የሚሆን፣ አቧራም የማያሳይ። ደግሞ በስልክ አልመርጥም። ከዚያው ከዋንዛው ቁራጭ ላይ አስቀብቼ፣ በቀትር ፀሐይም በመድረክ መብራትም ስር አይቼ ነው።

ቀለም ቀቢው በቀደም ደውሎ «ብሮ፣ ጥር ሳይገባ ፊቱን ልጬ በአዲስ ልሥራልህ፣ ለክሊሩ ብቻ ነው የምትከፍለው» አለኝ። ልቤ ተከፈለ። ቢላጥ ትንኟም አብራ ትሄዳለች፣ ባጃጇም ስሟ ይቀራል። ከሠርጎቹ በኋላ እደውላለሁ ብዬዋለሁ።